ድምፅ የማያሰማው ሞተር

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ባለሱቋ ሰውየውን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ስድሳን ሳይሻገር አይቀርም። ኮቱ አሮጌ ቢሆንም ካውያ ያረፈበት ነው፤ ጢሙን ሲላጭ ደግሞ አገጩን ትንሽ ቧጭሮታል። ከተበላሸ ፕሪንተር የፈታውን፣ ስቴፐር የሚሉትን ትንሽ ሞተር ከሱፍ ካልሲ ውስጥ አወጣና እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልጄ፣ የሚያዞረውን ሰሌዳ፣ ድራይቨሩን ማለቴ ነው፣ ገዛሁለት፤ ግን አልተስማማውም። ይግላል፣ ደግሞም ይጮኻል።»

ድራይቨሩን ተቀብላ አየችው። ለትልቅ ማሽን የሚሆን ነው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ትንሹን ሞተር ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ እያጎረሰው ነው» አለችው። ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አንብባ፣ ከመደርደሪያው በልኩ የሚሆነውን፣ ድምፅ የማያሰማውን ዓይነት አወረደች። ከሞተሩ ጋር አገናኘችና የኤሌክትሪኩን መጠን የምትወስነውን ብሎን በቀጭን መፍቻ ወደ ታች መለሰቻት። ሞተሩ መዞር ጀመረ። ሰውየው መዞሩን ለማየት አልፈለገም፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፣ ፊቱም በራ።

«ለምን ሊሆንዎት ነው?»

«ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ይከፍትልኛል። እሷ ብርሃን ሲቀሰቅሳት ደስ ይላታል፤ ድምፅ ከቀሰቀሳት ግን እስከ ማታ ታኮርፋለች አሉ።»

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«እሁድ ትሆናለች» አለ፣ አፈር ብሎ እየሳቀ። «ጠባይዋን የነገረችኝ እህቷ ናት። እኔማ እስከ ዛሬ ለመስኮቴ መጋረጃም ኖሮኝ አያውቅም።»