የአንቴናዋ መዥገር

ኛሩአች መዥገር መንቀል ያወቀችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው። ኢታንግ አካባቢ፣ ጥጆች ከታሰሩበት በረት ውስጥ ያስተማረቻት የአባቷ እህት ኛቶክ ነበረች። ሆዷን አትያዥ፣ ትፈነዳለች። ወደ ጎን አታጣሚያት፣ ጭንቅላቷ ቆዳው ውስጥ ይቀራል። ከአፏ ስር ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ፤ ከዚያ በድንጋይ። ኛቶክ ድንጋዩን የማትረሳ ሴት ነበረች። የተነቀለች መዥገር ካልተጨፈለቀች ማታውኑ ተመልሳ ጥጃው ጆሮ ላይ ትወጣለች ትላለች፣ ይህንንም የሚጠራጠር ካለ በረት ገብቶ የማያውቅ ነው።

ልጅቷ አድጋ ጋምቤላ ከተማ ስትገባ ይህ እውቀት እንጀራ ይሆነኛል ብላ አላሰበችም። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ስትዞር፣ ባሮ ድልድይ አጠገብ ካለች አንዲት የስልክ ጥገና ሱቅ ደረሰች። ባለቤቷ ትርንጎ ትባላለች። ከጎሬ በኩል ከባሏ ጋር መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ምላሷ ስለታም፣ ሆዷ ግን ቂም የማይቋጥር ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን አንድ የተከፈተ የዋይፋይ ሣጥን ፊቷ አስቀመጠችና፣ አረንጓዴው ቦርድ ላይ የተቀመጠች፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ ክብ ብረት በመርፌ ጫፍ አሳየቻት። ከብረቷ ቀጭን ጥቁር ሽቦ እንደ ጅራት ወጥቶ ወደ አንቴናው ይሄዳል። የአንቴናው ማገናኛ፣ ኮኔክተር ናት፤ ሣጥኑ ከአየር ላይ የሚለቅመው ሁሉ በዚህች ጠብታ በኩል ነው የሚያልፈው አለቻት።

ቀጥላም ንቀያት እስቲ አለች። ከዚያ በፊት የመጡት ለማጆች ሁሉ ሽቦውን ይዘው ጎትተው፣ ኮኔክተሯን ከነመቀመጫዋ ከቦርዱ ላይ ገንጥለዋታልና፣ ትርንጎ የምታሾፍበትን ቃል አዘጋጅታ ነበር የምትጠብቀው።

ኛሩአች ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። ሽቦውን አልነካችም። ጥፍሯን ከብረቷ ስር አስገብታ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አነሳቻት። ስትመልሳትም ከመቀመጫዋ ላይ አስተካክላ በጣቷ ተጫነቻት፤ ትክ አለች።

ትርንጎ ያዘጋጀችውን ቃል ትታ ጠየቀቻት። «ማን አስተማረሽ?»

«ጥጃ፣» አለች ኛሩአች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ ኮኔክተር የሚላት የለም። ትርንጎ ራሷ ደንበኛውን መዥገርህ ተነቅላለች፣ ነገ ና ብላ ትሸኘዋለች። ደንበኛውም ፈገግ ብሎ፣ ትንሽም ተጠራጥሮ ይሄዳል።

ኛሩአች ከእህቷ ከኛሊየፕና ከኛቶክ ጋር የምትኖረው ከከተማው ጥግ ነው። እዚያ ኔትወርክ ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው፤ ደጅ ላይ ታይቶ ሳይገባ ይሄዳል። ስለዚህ ከሱቁ የተጣለ በሲም የሚሠራ የዋይፋይ ሣጥን ጠግና፣ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ አንቴና አስራ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገብታ አገናኘችው። ሠራ። ችግሩ ሙቀቱ ነበር። የጋምቤላ ፀሐይ ሰውንም ያፈዛል፣ ሣጥኑማ ቀትር ላይ ደንዝዞ ቀጥ ይላል። ኛሩአች ክዳኑን አንስታ ሆዱን ገልጣ ተወችው። ትንሽ ንፋስ ሲያገኝ ጤና ሆነ። ዶሮ እንዳይወጣበት ብቻ ነበር የፈራችው።

በዚያ ክረምት ላም የሚባል ልጅ ኛሊየፕን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። በጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነው፤ ኛሊየፕም ስሙ ሲነሳ እቃ ከእጇ ይወድቃል። የጥሎሹ ከብት ነገር ተነጋግረው አልቋል። የቀረው የእናታቸው ወንድም ቃል ነው። የእናት ወንድም እሺ ሳይል ልጅ ብትሰጥ ትዳሩ አንድ እግሩ አንካሳ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ዝም ቢል ደግሞ ዝምታው እንደ እምቢታ ይቆጠራል። እናትየው ካረፈች ቆይቷል። ወንድሟ ዴንግ ያለው ድንበር ማዶ ሲሆን መንገዱን ውሃ ይዞታል። በስልክ ፊቱ እየታየ ይናገር ተባለ፤ እሱም ኔትወርክ ወዳለበት መንደር በታንኳ ሊሄድ ተስማማ። ታንኳዋ ግን የሰው ናት፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች።

ቀኑ ደረሰ። የላም አጎት ጋትኬክ ላምንና ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣና ማንጎው ዛፍ ስር ተቀመጡ። ኛሩአች ዴንግ እስኪደውል ሱቅ ደርሳ ልትመለስ ወጣች። ኛቶክ ደግሞ ለእንግዳ ቤት ልታሳምር መጥረጊያ ይዛ ገባች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው ናቸው። ጠረጴዛውን ስትወለውል አረንጓዴ ነገር ላይ የተጣበቀች ክብ፣ ጠጠር ያለች ነገር እጇን ነካቻት።

ኛቶክ ምን እንዳደረገች ለመገመት አያስቸግርም።

ኛሩአች ስትመለስ ሣጥኑ መብራቱን እያርገበገበ ነው፣ ኔትወርክ ግን የለም። አጎንብሳ አየች። ሽቦው ብቻውን ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ላይ ምንም የለም። ምን ነካው ብትል አክስቷ ከበሩ ላይ ሆና ኮራ ብላ መለሰች። «መዥገር ይዞት ነበር። እኔ ባልደርስለት ደሙን መጥጣ ጨርሳው ነበር።»

«የታለች አክስቴ?»

ኛቶክ ደጃፉ ላይ ወዳለ ድንጋይ በአገጯ አመለከተች። ድንጋዩ ላይ ጠፍጣፋ፣ የምታብለጨልጭ ነጥብ አለች። ኛሩአች ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት፣ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እህቷ በመስኮት ስታያት አየችና ሳቁ ጠፋ። ከማንጎው ስር ጋትኬክ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የእናትየው ወገን ምላሱን ለአዞ አበደረ እንዴ እያለ ያሾፋል። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፤ ዱላቸውን ግን ከእግራቸው ስር ማንሳት ጀምረዋል።

እንደገና ወደ ቦርዱ ተመለሰች። መቀመጫዋ እንዳለች ናት! አልተገነጠለችም፣ አልተጣመመችም። ኛቶክ መዥገሯን ጎን ሳትሰጣት ከስሯ ይዛ ቀጥ አድርጋ አንስታ፣ ከዚያ ነው ከሽቦው የበጠሰቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ሽቦውን ጎትቶ ቦርዱን ጨምሮ ይገድለው ነበር። የጎደለችው የሽቦው ጫፍ መዥገሯ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ትገኛለች።

ሣጥኑን ከነሽቦው በነጠላዋ ጠቅልላ በባጃጅ ወደ ሱቁ በረረች። ትርንጎ ነገሩን ሰምታ ከት ብላ ሳቀች። ደግነቱ አሮጌ ላፕቶፖችም በሆዳቸው እንዲህ ያለ መዥገር አላቸው። ትርንጎ ከመደርደሪያ አንዱን አወረደች፤ ፈቱት፤ ኮኔክተሯ ግን የመዥገር እንቁላል ናት እንጂ መዥገር አይደለችም። አዲሶቹ ላፕቶፖች ትንሿን ነው የሚያስገቡት፤ ብትጫንም መቀመጫው ላይ ትዋኛለች እንጂ አትነክስም።

«የመምህር ተሰማ አለ እኮ፣ እትዬ፣» አለች ኛሩአች። መምህሩ ለጥገና አምጥቶ የተወው፣ አሮጌ፣ ወፍራም፣ ሻይ የጠጣ ላፕቶፕ ነው። ትርንጎ ደወለችለት። ተሰማ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ለቁም ነገር ይዋል ብሎ ፈቀደ፤ ቢመለስለት ወረቀት ነፋስ እንዳይወስድበት ከመጫን ውጭ እንደማያገለግለው ተናገረ።

ፈቱት። ልኳ ነበረች። ኛሩአች የላፕቶፑን ሽቦ ከነመዥገሯ ቆረጠች፤ መሃሉን ቀጭኑን የመዳብ ክር፣ ዙሪያውን የተጠለፈውን ሹራብ ለየች። ሁለቱ ከተነካኩ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ትርንጎ አምፖሉን ያዘችላት፣ ምክሯንም አልነፈገቻት፦ አትቸኩይ፣ የእህትሽ ባል ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። ኛሩአች ክሩን ከክር፣ ሹራቡን ከሹራብ በየደችና በፕላስተር ጠቀለለችው።

ቤት ስትደርስ ጋትኬክ ቆሞ ነበር። አባቴ ትንሽ ይታገሱኝ፣ አጎቴ መንገድ ላይ ነው አለችው። የት መንገድ ቢላት ወደ ቀርከሃው ጫፍ አሳየችው። ከዚያ ገባችና መዥገሯን ከመቀመጫዋ ላይ አስተካክላ ተጫነች።

ትክ።

ኛሊየፕ የያዘችው ስልክ ወዲያው ጮኸ። ዴንግ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ከኋላው ባለታንኳው መቅዘፊያውን ይዞ ቆሟል፣ ፊቱን አኮሳትሯል። ስልኩ ማንጎው ስር ተወሰደ። ዴንግ ሽማግሌዎቹን በየስማቸው ሰላም ብሎ፣ እንደ ወጉ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ኛሩአች ኔትወርኩ ነው ወይስ ወጉ እያለች የባለታንኳውን ዓይን ታያለች፤ ሲርገበገብ አየችው፣ ኔትወርኩ አለ።

«የእህቴ ልጅ፣» አለ ዴንግ በመጨረሻ፣ «እናትሽ ብትኖር የምትጠይቅሽን ልጠይቅሽ። ትወጂዋለሽ?»

ኛሊየፕ የያዘችው ስልክ ከእጇ ሊወድቅ ሲል ላም ቀለበው። ሽማግሌዎቹ መልሱን በዚያው አገኙ።

«እንግዲህ እሺ ብያለሁ፣» አለ ዴንግ። «ባለታንኳው ሳይገድለኝ ልሂድ።»

ጋትኬክ ዱላውን መልሶ መሬት ላይ አጋደመ፣ ሰውም ወደ ምግቡ ሄደ።

ሣጥኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክዳን አለው፤ ኛሩአች በሚስማር ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጋዋለች። ኛቶክም ተለወጠች፣ በመጠኑ። የፍየሎቹን ጆሮ አሁንም በየጠዋቱ ትለቅማለች። ነገር ግን ድንጋዩን ከማንሳቷ በፊት፣ የያዘቻትን በመዳፏ ላይ አድርጋ ኛሩአች ወዳለችበት ትመጣለች።

«እያት እስቲ፣» ትላታለች። «ይቺስ የአንቺ ናት?»