ወንድም ጋሼ ብረት ሲያዳምጥ

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ዓመት ሞላው። በሕይወት ሳለ ያገለገለ የትራክተር ማረሻ ያለሱ የሚገዛ ገበሬ በኛ አካባቢ አልነበረም። እያንዳንዱን የማረሻውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ በጠጠር መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ስንጥቅ ካለው በድምፁ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ እስቅበታለሁ።

"ምን አለህ ብረቱ? ሚስት አግባ አለህ?"

"ዝም በይ አንቺ፣ ልስማበት።"

ባለፈው ልጄ ማረሻ ሊገዛ ወደ ዓለም ጤና ከተማ ሲሄድ፣ "እማዬ፣ አንቺ ከአጎቴ ጋር ስትዞሪ ኖረሻል" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሦስቱንም ዲስክ መታሁ፣ ጆሮዬን ደቀንኩ። ምኑን አውቄ፣ ሁሉም አንድ መሰለኝ። ፊቴን ግን እንደሱ ኮስተር አድርጌ ዝም አልኩ። ሻጩን አላስቻለውም።

"እሺ እማማ፣ መሀለኛው ተበይዷል" አለ።

ልጄ በመገረም፣ "ሰማሽው እንዴ?" ቢለኝ፣ "እንዴታ" አልኩት።

አሁን ጎረቤቱ ሁሉ እኔን ይጠራል። እሄዳለሁ፣ እመታለሁ፣ እኮሳተራለሁ። ግን ሻጭ ሁሉ አይናዘዝም፤ አንዱ የዋህ በኔ ጆሮ አምኖ ስንጥቅ ይገዛል ብዬ እፈራለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ስስቅበት፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ "ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ለኔም አሰማኝ" ብዬው ቢሆን።