የጆሪ ፔንጌሊ የአደጋ ደወል

ጆሪ ፔንጌሊ የዋሻ አናጢ ነበር፤ ጣሪያው እንዳይናድ ምሰሶ የሚያቆም። እኛ ሞንታና ተራራ ላይ መዳብ እናወጣለን። ሁለት ኩባንያዎች፣ የእኛውና ተቀናቃኙ፣ በአንድ የመዳብ ሥር ባለቤትነት ተጣልተው ነበርና፣ ከመሬት በታች ዋሻ ለዋሻ ሲገናኙ ሠራተኞቻቸው በአካፋ ይፈላለጡ ነበር። የጆሪ ታናሽ ወንድም ሳምሶን የሞተው የተቀናቃኙ ኩባንያ ሰዎች በለቀቁት የፈላ እንፋሎት ነው። ስናወጣው ቆዳው ከጓንቱ ጋር ወለቀ።

የታችኛው ፍርድ ቤት ያንን ኩባንያ ጥፋተኛ አለው። ኩባንያው ይግባኝ ጠየቀ። ይግባኙን የሚሰማው የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ የዚያ ዳኞች ደግሞ እኛ ዘንድ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ። ጆሪ ተስፋውን ሁሉ ለዚያ ወንበር በሚወዳደረው፣ ያ ኩባንያ ባልገዛው በዳኛ ሆልብሩክ ላይ ጣለ።

ምርጫው የተካሄደው በጉድጓዱ አፍ ባለው ልብስ መቀየሪያ ቤት ነው፤ ታዛቢው ጆሪ፣ የድምፅ ሳጥኗን ለቆጣሪዎቹ የማደርሰው ባለጋሪ ደግሞ እኔ። ሰፈራችን ድምፁን ለሆልብሩክ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ሲመሽ ማይክ ዳራ የተባለው የዚያኛው ኩባንያ ቆፋሪ የዶማ እጀታ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ገባ። መጀመሪያ የምርጫ ጸሐፊውን መንጋጋ ሰበሩ።

«አናጢው፣ ሳጥኗን በክብር ትሰጠናለህ ወይስ ከነጣትህ እንውሰዳት?»

«ና ውሰዳታ! ብቻህን እንዳትሄድ እናትህ ከልክላህ ነው መንደሩን የጎተትከው?»

ዳራ ክንዱን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ጆሪ ወደ ግድግዳው ተንገዳግዶ በደህናው እጁ የአደጋውን ደወል ገመድ ያዘና ደወለ።

በተራራችን ያ ደወል ከተደወለ ሰው ተቀብሯል ማለት ነው። ጠላትም ሆነ ወዳጅ የያዘውን ጥሎ ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል። የዳራ ሰዎችም ቆፋሪዎች ናቸው፤ ዱላቸውን ጣሉና ሮጡ። ዳራ ራሱ ሮጠ።

«ምን ያፈዝሃል፣ ልጄ? ሳጥኗን ጋሪው ላይ ጫናት!» አለኝ ጆሪ። ጫንኳት፤ ፈረሱን እየገረፍኩ ለቆጣሪዎቹ አደረስኩ።

ስመለስ ጆሪ ጭቃው ላይ ወድቋል። የሚረግጡት የዳራ ሰዎች አልነበሩም፤ የእኛው ነበሩ። ታች ዋሻው ውስጥ የነበሩት ሠራተኞቻችን ደወሉን ሰምተው ለመውጣት ሲጋፉ፣ ሽማግሌው ዩረን ከአሳንሰሩ ጫፍ ተገፍቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። የወጣው በጆንያ ነው።

«በውሸት ደወልክ! በዚያ ደወል ቀለድክ!» እያሉ ይረግጡታል። በጋሪው ዘንግ እየመታሁ አስጣልኩት።

ሆልብሩክ አሸነፈ፤ ፍርዱም ጸና። ጆሪ ግን ከዚያ ወዲህ ዋሻ አልወረደም፤ አብሮት የሚወርድ አልተገኘም። ፍርዱ ሲነበብ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። የዩረን ሚስትም መጥታለች። አንብበው እስኪጨርሱ ዳኞቹን ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ጆሪ ላይ ነበር።