ተደብቆ መሄድ ክልክል ነው

ሥራ የጀመርኩ ቀን እስከ ምሳ ሰዓት የሠራሁት በር መያዝ ነው። አትላስ አካባቢ ባለ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት በረዳት መምህርነት ተቀጥሬ፣ አዲስ ጋዋን ለብሼ፣ ፊደል ላስቆጥር ቸኩዬ ደረስኩ። ዳይሬክተሯ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና "አንቺ ጠንከር ያልሽ ትመስያለሽ፤ በሩን ያዢ። ማንም ልጅ እንዳይወጣብኝ" አለችኝ።

እናቶቹ ተደብቀው ነበር የሚሄዱት። ልጁ አሻንጉሊት ሲያይ ሹልክ ይላሉ። አንዷ ሻርፗን ልጇ እጅ ላይ ትታ "ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ" አለችና በጓሮ በር ወጣች። ልጁ ሻርፑን አቅፎ እስከ ምሳ ድረስ የሽንት ቤቱን በር ሲያይ ዋለ። ሌሎቹ ጋዋኔን በንፍጥ አጠቡት። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል፤ እኔ ገና ሳልወዳቸው ንፍጡን ተረከብኩ።

ከሰዓት በኋላ ዋናዋ መምህርት ጠርታ የሥራችንን የመጀመሪያ ሕግ ነገረችኝ። ወላጅ ይንበረከካል፤ የልጁን ዓይን ያያል፤ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ይነግረዋል፤ ይሄዳል። ልጁ ቢያለቅስም ይሄዳል። ለቅሶው ያልፋል፤ መታለሉ ግን ልጁ ውስጥ ይቀራል። "ተደብቆ መሄድ ክልክል ነው ብለሽ በሩ ላይ ለጥፊ" አለችኝ። ጽፌ ለጠፍኩ። ማንም አላነበበውም።

ይህ ሥራ ብቸኛ ሥራ ነው ስል ሰው አያምነኝም። ቀኑን ሙሉ ልጅ እየተንጠለጠለብሽ ምን ብቸኝነት አለ ይሉኛል። አለ እንጂ! ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህሩን ያስታውሳል፤ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩን ሲረግም ይኖራል፤ ነርሰሪ ያስተማረችውን ግን ማን ያስታውሳል? አንድ ቀን ቦሌ መንገድ ላይ፣ ጫማ ማሰር ያስተማርኩት ልጅ ጎረምሳ ሆኖ ትከሻዬን ገፋኝ። ከቅንድቡ በላይ ባለው ጠባሳ ነው ያወቅኩት፤ ከዥዋዥዌ ሲወድቅ ደሙን የጠረግኩለት እኔ ነኝ። "ይቅርታ ማዘር" ብሎኝ አለፈ። "ምንም አይደል" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። በዓል ሲደርስ ጎረቤቶቼ ሳህን ይልኩልኛል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሳህኑን ምን አድርጌበት እንደምመልስ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ ዶሮ አይሠራ ነገር።

ከረዳትነት ወደ መምህርነት፣ ከዚያ ወደ ምክትል ዳይሬክተርነት ወጣሁ። በኋላ ጉርድ ሾላ ያለ አንድ ኮሌጅ የወደፊት የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን እንዳሠለጥን ወሰደኝ። የሰጡኝ ትምህርት ሌሎቹ አሠልጣኞች የሸሹት ነበር፤ ወላጅን ስለማስተማር። ዘፈንና ሥዕል ለማስተማር ሁሉም ይሻማል። ወላጅ ግን አፍ አለው፤ ይመልስልሻል።

በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ "ስለ ወላጅ ምን ታምናላችሁ?" መልሱ ብዙም አይለያይም። የቦሌ ወላጅ ልጁን ለሠራተኛና ለስልክ ጥሎታል። የኮንዶሚኒየም ወላጅ ይመታል። የዱሮ ወላጅ ይሻል ነበር። ልጅ ካልተቆነጠጠ ሰው አይሆንም የሚል ደግሞ ከኋላ ወንበር አይጠፋም። ራሳቸው ገና ከእናታቸው ጓዳ ሳይወጡ፣ ወላጅ ሁሉ ጥፋተኛ ነው የሚሉት ነገር ይገርመኛል።

ሃና የተባለችው ሠልጣኝ የክፍሉ ጎበዝ ነበረች። ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ትይዛለች። "ወላጅ ስብሰባ ይጠራል፣ ስህተቱ ይነገረዋል፣ ያስተካክላል" አለች።

"ባያስተካክልስ?" አልኳት።

"በደንብ አልተነገረውም ማለት ነዋ!" ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ያለ ክፋት ነው፣ "ቲቸር፣ እርስዎ ስንት ልጅ አለዎት?" አለች።

"የለኝም።"

ጠመኔ የምፈልግ መስዬ ጀርባዬን አዞርኩ። ይህን ጥያቄ ዛሬም አልለመድኩትም።

ለተግባር ልምምድ ሃናን ለሚ ኩራ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች መሃል ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት መደብኳት። እኔ እየሄድኩ ሥራዋን አያለሁ። እዚያ ሂክማ የምትባል አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ከጉርድ ሾላ ቦሌ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ልጅቷ ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ ከምሳ በኋላ ሞግዚቶቹ ፍራሽ ሲያነጥፉ ግን አትተኛም። ትጋደምና ዓይኗን አፍጥጣ በሩን ታያለች። ሽፋሽፍቷ ሊከደን ሲል ብድግ ብላ ትቀመጣለች። ማታም ቤቷ እንዲሁ ናት፤ እየከሳች ሄደች።

ምክንያቱን ያገኘችው ሃና ናት፤ ፍራሹ ላይ አብራት ተጋድማ። "እማ ቦሌ ናት። ነገ ትመጣለች" አለቻት ሂክማ። እናትየዋ ግን ዓረብ አገር ለሥራ ከሄደች ወራት አልፏታል። በረራዋ ሌሊት ነበር፤ ልጅቷ ተኝታ ሳለ ወጣች። ጠዋት አባቷ "ቦሌ ሄዳለች፣ ነገ ትመጣለች" አላት። ሲነጋም እንዲሁ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ልጅቷ ስትተኛ ሰው እንደሚጠፋ ነው የገባት።

ሃና ይህን ስትሰማ ለእኔ አልነገረችኝም። ከሰዓት አቶ ሰይድ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቀችው። "አቶ ሰይድ፣ ለልጅ አይዋሽም! እናቷ ዓረብ አገር ሄዳ ቦሌ ናት ይሏታል? ልጅዎን እየጎዷት ነው" አለችው። ወላጅ ሁሉ ቆሟል። ሂክማ እጁን ይዛ ቀና ብላ ታየዋለች። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ብሎ የልጁን ቦርሳ ተቀብሎ ወጣ። በማግስቱ አላመጣትም። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ እንደምትውል ሰማን።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ቁርጡን ነገረችኝ። "ሰኞ ካልመጣች ቦታዋን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ። ተጠባባቂው ብዙ ነው።"

ሃና ቢሮዬ መጥታ አለቀሰች። "ቲቸር፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የተናገርኩት።"

"አዎ፣ አንድም ቃል አላጓደልሽም። ማን ፊት ተናገርሽው?"

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"ልጁ ፊት አባት ይሰደባል እንዴ አንቺ? ያ ሰው ማታ በየትኛው አፉ ነው 'ተኚ፣ አለሁልሽ' የሚላት?"

"ምን ላድርግ?"

"ምን ታደርጊያለሽ? በሽማግሌ ይቅርታ ትጠይቂያለሻ!"

ዓርብ ከሰዓት፣ ከስግደት ሲመለስ፣ ቤቱ ሄድን። ከአንድ ግቢ ኋላ የተከራያት አንዲት ክፍል ናት። ሂክማ አልጋው ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ታወልቃለች፣ ታጠልቃለች። አቶ ሰይድ ሃናን ሲያይ ሊቆጣ ነበር፤ የእኔን ሽበት አይቶ ተወው። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ።

"ለሽምግልና ነው የመጣነው፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አልኩት።

"ሽማግሌ አንድ ሆኖ ይመጣል እንዴ? ሌሎቹ የታሉ?"

"እኔ ብቻ ነኝ አቶ ሰይድ። ይዤው የምመጣ ሰው የለኝም።"

እንዲህ ልል ያሰብኩበት አልነበረም። ሃና ዞራ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ክንዷን ይዞ አነሳት። "አውፍ ይበሉኝ" አለችው፤ ይቅር ይበሉኝ ማለት ነው፣ በአገሩ በወሎ ሰው አነጋገር። ከየት እንደተማረችው እንጃ። "ኧረ በአላህ፣ ተነሽ። አውፍ ብያለሁ" አለ። ተቀመጥን። ሻይ ሊያፈላ ተነሳ።

ጀርባውን ሰጥቶን ምድጃው ላይ እንዳለ ጠየቀኝ። "እርስዎ ወልደዋል?"

"አልወለድኩም።"

"እንግዲያውስ አያውቁትም።"

"አላውቀውም። ይንገሩኝ።"

ሃና ልትናገር አፏን ስትከፍት በክንዴ ጎሰም አደረግኳት። ሰውየው የፈላውን ውኃ አወረደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቦሌ ስንደርስ መስኮቱን ከፍታ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ሁሉ ታያለች። ሴቷን ሁሉ። ወላሂ መሥመር ልቀይር ሁሉ አስቤ ነበር። እውነቱን ልንገራት እያልኩ አድራለሁ። ግን እማ ሄዳለች ካልኳት፣ አንተስ መቼ ትሄዳለህ ብትለኝስ? እሷን ጥያቄ ነው የምፈራት" አለ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ወላጅ ሰብስቤ ብዙ ተናግሬያለሁ። ምን እንደሚፈራ የነገረኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ "ይንገሩኝ" ያልኩት ለእሱ ነው።

"እርስዎ ይንገሩልኝ" አለኝ።

"ከእኔ አፍ ከሰማችው የባዕድ ወሬ ነው። ከእናቷ አፍ ትስማው።"

ዓርብ ዓርብ ለእናትየዋ አሠሪዋ ማዳም ስልክ ትፈቅድላታለች። ዘሃራ ትባላለች። እስከዚያ ቀን ድረስ የምትደውለው ልጅቷ ሳትኖር ነበር፤ ሁለቱም ፈርተው። ሲደወል አቶ ሰይድ ስልኩን ለሂክማ ሰጣት። የሴትየዋ ፊት ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ልጅቷ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

"ሂኩዬ፣ ተኝተሽ ሄድኩብሽ" አለች እናትየዋ። "ልቀሰቅስሽ አቅቶኝ ነው። ሩቅ አገር ነኝ፣ ሥራ ላይ።"

"ነገ ትመጫለሽ?"

"ነገ አልመጣም የኔ እናት።"

"ቦሌ አይደለሽም?"

"አይደለሁም።"

ሂክማ ስልኩን ደፍታው ጮኸች። እንዲያ ያለ የሕፃን ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ ሥራዬ ነው። አቶ ሰይድ አቀፋትና "ነገ ት..." ብሎ ጀመረ። ቃሉን ዋጠው። አብሯት አለቀሰ። ሃና የሆነ ነገር ልትል ተንጠራራች፤ መቆንጠጥ ነውር ነው ብዬ የማስተምረው ሴትዮ ጭኗን ቆነጠጥኳት። ሻዩን ከቀዘቀዘ በኋላ ጠጥተን ወጣን።

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። ልጅ የሚያስለቅስ ምክር ሰጥቼ መጣሁ፤ ልክ ነበርኩ ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው ቤት ውስጥ የለም። ቅዳሜና እሁድ ረዘሙብኝ።

ሰኞ በጠዋት እዚያ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆምኩ። ልጆች ገቡ፣ ደወል ተደወለ፣ በሩ ሊዘጋ ሆነ። ዳይሬክተሯ አንገቷን አውጥታ አየችኝ። "እንግዲህ..." ስትል ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። አቶ ሰይድ ሂክማን አቅፎ ወረደ። ዓይኗ አብጧል፤ እሱን አታናግረውም። ሃና ስትመጣ ሰላም እንኳ ሳይላት፣ "ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋኛለች። አሁን ምን ልበላት?" አላት።

ሃና ለሁሉ ነገር መልስ የነበራት ልጅ ናት። አሁን ግን ቀላች። "እኔም አላውቅም። እርስዎ ምን አስበዋል?" አለችው።

ሰውየው ልጁን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። "ቦሌ ብወስዳትስ? አየር ማረፊያው አጥር ጋ። እማ በዚህ ሄደች ብዬ አውሮፕላኑን ላሳያት። ስትመጣም በዚህ ነው ልበላት። ቦሌ ሄዳለች ያልኩት ውሸት ብቻ እንዳይሆንባት።"

እኔ በዘመኔ ይህን ምክር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ሃናም ከየትም አልተማረችውም። "እኔም ልምጣ?" አለችው፤ "ነይ" አላት። ከክፍል በኋላ ሦስቱ ጋቢና ውስጥ ተደራርበው ሲሄዱ አየኋቸው። እኔን ማንም ነይ አላለኝም፤ ሊለኝም አይገባም ነበር። ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከፍቶኝም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

በማግስቱ ሃና ቢሮዬ መጣች። አጥሩ ጋ ቆመው አንድ አውሮፕላን ሲነሳ ሂክማ እጇን አውለብልባ "ቻው እማ!" ብላ እንደጮኸች ነገረችኝ። እስኪጠፋ ድረስ ስታውለበልብ ቆይታ አባቷ ትከሻ ላይ ተኛች። ጉርድ ሾላ እስኪደርሱ አልነቃችም።

"አውሮፕላኑ እኮ ዓረብ አገር የሚሄድ አልነበረም ቲቸር" አለችኝ ሃና።

"ይሁን" አልኳት።

ለእናንተ፣ በዚህ ሥራ ለምትተኩኝ ሠልጣኞች፣ የምለው ይህን ነው፤ ለወላጅ እውነቱን ከመንገራችሁ በፊት ምን እንደፈራ ጠይቁት።