የዶን ሴቬሪኖ ሰማያዊ

ዶን ሴቬሪኖ ካታሪ የመኪና ቀለም የሚቀላቅለው በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። እዚህ ተራራው ላይ ባለችው ኤል አልቶ ከተማ፣ በእኛ መንገድ፣ አሁን ሁሉም ቀለም ቤት ሄዶ የመኪናውን ቁጥር ይሰጥና በማሽን የተበጠበጠውን ይዞ ይመጣል። እሱ ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። ቁጥሩ የሚያውቀው መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን ነው፤ እኔ የምቀባው ሠላሳ ዓመት ፀሐይ የጠበሳትን ነው ይላል። ከቆርቆሮው በእንጨት ትንሽ ያነሳና አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ከዚያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ጥፍሩን ከመኪናዋ ገላ ጋር ያስጠጋል። ጥቂት ጥቁር፣ ጥቂት ቢጫ እየጨመረ፣ የጥፍሩና የመኪናዋ ቀለም አልለይ እስኪል ድረስ ይለፋል። በዚያ ሰዓት ያናገረው ሰው ወዮለት።

እኔ ቴዎፊሎ እባላለሁ። እሱ ቀለም ይቀባል፣ እኔ የመኪና ወንበር አለብሳለሁ፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ እሱና ሚስቱ ዶኛ ኒኮላሳ ናቸው። አመለ ክፉ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ጊዜ ያልደረቀ ኮፈን ላይ እጁን ያሳረፈ ደንበኛ በውሃ ጎማ እያራሰ ከግቢ አስወጥቶታል፤ ሰውየው የሠፈር ሊቀመንበር ነበር። ግን በመጨረሻው ቅብ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካረፈች እህል አይቀምስም። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና ይጀምራታል። የመጀመሪያውን ቅብ ሊረጭ ሲል ደግሞ ለእናት ምድር አልኮል ጠብ ያደርጋል፣ እሱም ፉት ይላል፣ የኮካ ቅጠሉን ጉንጩ ውስጥ ይወትፍና ሥራ ይጀምራል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ያ ሁሉ ሙያ የቆመው በአንድ ዓይን ላይ ነበር። ግራ ዓይኑን በወጣትነቱ ባትላሜራ ሲሠራ የብረት ስንጣሪ ወስዶበታል።

ቀኝ ዓይኑ መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ያወቀችው ኒኮላሳ ናት። ሻይ ከኩባያው ውጭ መቅዳት ጀመረ። የቀለም ቆርቆሮዎቹን በማሽተት መለየት አመጣ። እሷ ዓይንህ ሞራ ጥሎበታል ስትለው፣ የራስሽን ቀሚስ ቀለም የማታውቂ ሴት ስለ ዓይን ምን ታውቂያለሽ ብሎ ያሾፍባታል። ቤት ውስጥ በነጋ በጠባ ጭቅጭቅ ሆነ። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ እኔም ሳልወድ እሰማ ነበር።

እንዲህ እያለ ሰኔ ገባ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ጊዜ፣ ዶን ጓልቤርቶም አሮጌ ፓትሮል መኪና ይዞ መጣ። ጓልቤርቶ እንጀራውን የሚበላው ሰው በማመላለስ ነው፤ ፓትሮሏን ከአንድ የማዕድን ድርጅት ተጥላ ነው ያገኛት። ሞተሯ ደህና ነበር። መልኳ ግን አይጣል ነው። የፊት መብራቶቿ ቢጫ ሆነዋል፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ሁሉ አመድ መስሏል፣ የጣሪያዋ ጨርቅ ተንጠልጥሎ የተሳፋሪ ፀጉር ያበላሻል፣ ከወንበሮቿ ስፖንጅ ይተፋል። ተሳፋሪ እንደሆነ የሚገባው በመልክ ነው፤ ሞተር ከፍቶ የሚያይ የለም። እኔ ወንበሩንና ጣሪያውን ያዝኩ። ሴቬሪኖ መብራቶቹን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ወረቀት እያሸ አበራቸው፣ ገላዋን በፖሊሽ ወለወለ፣ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዎቹን አቃና። ሰማያዊነቷ ወጣ። ኩሬ ውሃ ደመና ሲያልፍበት የሚመስል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የቀኝ የፊት በሯ ዝገት በልቶት ስለነበር ጓልቤርቶ ከሐሙስ ገበያ ሌላ በር ገዝቶ አመጣ፤ ቀይ በር። እሱን ከገላዋ ጋር ማመሳሰል የሴቬሪኖ ሥራ ሆነ። ቀኑ ደግሞ አጭር ነበር። ቅዳሜ ፓትሮሏ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ኮፓካባና ወርዳ በድንግል ማርያም ፊት ልትባረክ ተቆርጧል። እዚህ ሳይባረክ መንገድ የሚወጣ መኪና የለም፤ ተሳፋሪም አይገባበትም። ጓልቤርቶ ለመኪናዋ የክርስትና አባትና እናት መርጧል፣ ቢራው ተገዝቷል፣ እኔና ሴቬሪኖም በመጀመሪያው ወንበር እንድንሄድ ተጋብዘናል።

በዚያው ሳምንት ከሩቅ የመጡ የዓይን ሐኪሞች የሠፈሩ ትምህርት ቤት ውስጥ በነጻ ሞራ ይገፍፉ ነበር። ዓርብ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ረቡዕ ዕለት ኒኮላሳ ወደ እኔ መጣች። ባርኔጣዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ስፌት ማሽኔ አጠገብ ተቀመጠች።

«አበልጄ፣ እኔ ስለው ቅናት ነው የሚመስለው» አለችኝ። «አንተን ያምንሃል። በሩን ሲጨርስ ያየኸውን ብቻ ንገረው። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

ምን ችግር አለው፣ እነግረዋለሁ አልኳት። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በግድግዳው ላይ ጠራኝ። ገና ከበሩ ስገባ ታየኝ። ፓትሮሏ ሰማያዊ ናት፤ በሩ ግን ወይን ጠጅ ነው። ጥቂት ሳተ የሚባል ዓይነት አይደለም። ሕፃን ልጅ የሚለየው ነው። ቅቡ ግን አቤት ቅብ! አንዲት ቅንጣት አቧራ የለችበትም፣ እንደ መስተዋት ነው፣ ፊቴን አየሁበት። ሴቬሪኖ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጎኔ ቆመ።

«ኒኮላሳ ነገ ካልታየህ ብላ ነፍሴን አውጥታዋለች» አለኝ። «ሚስት ናት፣ ትፈራለች። ደንበኛ ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ ሰበብ ይፈልጋል። አንተ ግን ከእኔ ምንም አታተርፍም። በሩ ከተለየ ነገ ሄጄ ቢላዋው ሥር እተኛለሁ። ካልተለየ ግን ያለችኝን አንዲት ዓይን ለማንም መለማመጃ አልሰጥም። እስቲ በል።»

የሚያየው በሩን ሳይሆን እኔን ነበር። የቀኝ ዓይኑ መሃል እንደ ወተት ነጥቷል።

«አንድ ናቸው» አልኩት።

«በደንብ አየህ?»

«አየሁ። አንድ ናቸው፣ አበልጄ።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሳቀ። ደስታው ከፊቱ ሲፈስ አይቻለሁ።

ይሉኝታ ነው ልበል? ይሉኝታ አለበት፤ ሠላሳ ዓመት ቀለምን ያስተማረንን ሰው፣ ቀለም አታውቅም በለው ብትባል አንተስ ምን ታደርጋለህ? ግን በእሱ ብቻ ላመካኝ አልችልም። በሩ እንደገና ቢቀባ በዚያ ብርድ በሁለት ቀን አይደርቅም፣ ቅዳሜ ይበላሻል፣ ቢራው፣ ግብዣው፣ ጓልቤርቶ ፊት ውርደቱ... ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈብኝ። ሐኪሞቹ በዓመቱ ይመለሳሉ፣ ያኔ እነግረዋለሁ አልኩ። እንዲህ ነው ሰው ራሱን የሚያታልለው። ከሰዓት በኋላ ኒኮላሳ በግድግዳው በኩል በዓይኗ ጠየቀችኝ። አቀረቀርኩ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ በጨለማ ፓትሮሏን በአበባ ጉንጉን ሸፍነን ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ጭንቅላቷ ላይ የወረቀት ባርኔጣ ተጫነላት፣ ቄሱ ከባልዲ ጠበል ረጯት፣ ጓልቤርቶ ጎማዎቿን ቢራ አጠጣ፣ ርችት ተተኮሰ። በሩን አበባው ሸፍኖታል። ሴቬሪኖ ያን ቀን ጨፈረ። ሰው ሁሉ እያቀፈ እጅህ ይባረክ ይለዋል። እኔ ቢራዬን ጎማው ላይ ደፋሁት።

ጓልቤርቶ ጉዱን ያየው እሑድ አበባው ሲነሳ ነው። መጥቶ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አማከረኝ። አንዴ በዚህ በር ተባርካለች፤ ድጋሚ ብቀባት በረከቷን መፋቅ ይሆናል፣ ድንግልን ስጦታሽ አልጣመኝም እንደማለት ነው አለ። ደግሞስ የአንድ ሽማግሌ ልብ እንዴት እሰብራለሁ አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሄደ። ስለዚህ ከሰው ሁሉ መናገር የሚገባው፣ የከፈለው ሰውም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲያ ፓትሮሏ በተሳፋሪ መጫኛው ሁሉ ወይን ጠጅ በር እየተባለች መጠራት ጀመረች። ሾፌሮቹ ይሳሳቃሉ፣ ሴቬሪኖ ሲመጣ ጸጥ ይላሉ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሸሹት። አንዱ ገንዘብ አጠረኝ ይላል፣ ሌላው መኪናዬን ሸጥኩ ይላል፣ በማግስቱ እዚያ ማዶ ቀለም በማሽን የሚያስበጠብጠው ጋ ታገኘዋለህ። እሱም ዘመኑ ከፋ፣ ማሽን እንጀራችንን በላ ይላል። እኔም አዎ እያልኩ አብሬው አማርር ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር ላይ ዓይኑን ውጋት ያዘው። ሁለት ቀን አስታወከው፣ ራሱን ግድግዳ ላይ እያጋጨ አደረ። በሦስተኛው ቀን ከኒኮላሳ ጋር ሆነን ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሞራው በስሎ ዓይኑ ውስጥ ግፊት ፈጥሯል፣ ጅማቱ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ምንም አይሠራለትም አለች። ከጥቂት ወራት በፊት ብትመጡ ግን ቀላል ነበር አለች።

ሴቬሪኖ አልጋው ላይ ቀና አለ። «በሰኔ ደህና ነበርኩ» አላት። «ቀለሜ አልሳተም። ምስክሬ ይኸው፣ አበልጄ እዚህ ቆሟል፣ ጠይቂው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ኒኮላሳም አየችኝ። አዎ፣ እንዲያ ነበር አልኩ። ኒኮላሳ ጨርቋን አንስታ ፊቱን ጠረገችለት።

ከዚያ በኋላ እኔ ጋ ይውላል። ግቢው ባዶ ሆኖ መቀመጡን ስላልቻለ ወንበሩን አምጥቶ ከማሽኔ አጠገብ አደረገ። አሮጌ ስፌት እየፈታ ያግዘኛል፣ ስለ ድሮ መኪናዎች ያወራል። ደግ ሆነልኝ፣ ያ ነው የባሰው። መራራነቱን ሁሉ የሚያወርደው በኒኮላሳ ላይ ነው። ምሳውን ይዛ ስትመጣ አፏ ነው ያሳወረኝ ይላል። በሰኔ ደህና የነበረ ዓይን እውር ነህ፣ እውር ነህ እያለች ጠርታበት እንጂ ሌላ ምን ነክቶት ይላል። ደንበኛ ሰማ አልሰማ ግድ የለውም። እሷ ድንቹን እየላጠች ታጎርሰዋለች። አንድ ጊዜ እንኳ እኔን አላጋለጠችኝም። ይህን ለአምስት ወር አየሁ።

አንድ ሚያዝያ ቀን፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ሳህኑን ገፍቶ ቀሚሷ ላይ ደፋባት። የሰው ጠንቅ፣ ምላስሽ ይቆረጥ አላት። ጎንበስ ብላ ሾርባውን ከመሬት መጥረግ ጀመረች። እኔ መቀሱን አስቀመጥኩ።

«አበልጄ» አልኩት፣ «በሩ ወይን ጠጅ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባውም። እንደገና ነገርኩት። ገና ከግቢው በር ስገባ እንዳየሁት ነገርኩት። ከእሷ አፍ አልሰማ ስላለ ኒኮላሳ አንድ ቀን ቀድማ መጥታ እንደለመነችኝ፣ ቃል ገብቼ እንዳጠፍኩ፣ ሐኪሟም ፊት ደግሜ እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ኒኮላሳ ጨርቁን እንደያዘች ቆመች።

«ጓልቤርቶስ?» አለኝ ሴቬሪኖ።

«ያውቃል።»

«ሾፌሮቹ?»

«ሁሉም ያውቃል።»

ራሱን ነቀነቀ። ተነሳ። ክንዱን ልይዘው እጄን ስዘረጋ፣ ሳያየኝ እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፣ ገሸሽ አለ። በአየሩ ላይ በእጁ እየዳበሰ ኒኮላሳን ፈለጋት። ሾርባ የነካው ቀሚሷ ላይ ደረሰና እሱን አጥብቆ ያዘ። እንዲሁ እንደያዛት ወጡ። በዚያ ቀን በግድግዳው በኩል ምንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ጭቅጭቁም የለም።

በማግስቱ ኒኮላሳ ብቻዋን መጣች። የሱን ወንበር ከማሽኑ አጠገብ አንስታ ጀርባዋ ላይ በአጓዮ ማዘያ ጨርቋ አሰረችው። ላግዝሽ አልኳት፣ አይሆንም አለች። እንዴት አደረ አልኳት፣ ደህና ነው አለች። ልጄን ክርስትና ካነሱልኝ ቀን ጀምሮ አበልጄ እንጂ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ደህና ይሁኑ፣ ዶን ቴዎፊሎ» አለችኝ።