ወንፊት ፊርማዋን ስትከለክል

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሥራዋ ሌሎች የጻፉትን ድራይቨር፣ ማለትም ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዕቃዎችን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ መገምገም ነው። ዛሬ ያስመረራት ለስክሪን ትእዛዝ የሚያደርስ ድራይቨር ነው። «ስክሪኑ መልስ ካልሰጠ ትእዛዙ ይደገም» እያለች ደጋግማ መልሳዋለች። የድራይቨሩ ጸሐፊ ግን ስክሪኑ መልስ ሲነፍግ የሚወጣውን የስህተት መልእክት ብቻ ሰርዞ «ተስተካክሏል» ብሎ ላከላት።

ተነሥታ ጎረቤት ክፍል ገባችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ሲቃጠል የምትሸፍነው ዓይንህን ነው?»

«እህቴ፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል! ዛሬ ካልፈረምሽ ከአዲሱ የሊኑክስ እትም ይቀራል። ልፋቴን ውኃ ልታስበዪው ነው?»

«ፈርሜልህ ሰው ቤት ስክሪኑ ጨልሞ ሲቀር ስሜ ከስምህ ሥር ተጽፎ ይገኛላ!»

«ወይ አንቺ! ነገር ማክረር ትወጃለሽ።»

«እወዳለሁ» አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አስተያየቷን እንደ አዲስ ጻፈች፤ አልፈረመችም። ድራይቨሩ ከእትሙ ቀረ፤ ሰውዬውም ሰላምታ ነፈጋት።