ሳይታረም የቀረ የቤት ሥራ

ተማሪዎቹ «ጋሽ ደቂቃ» ይሉታል። የቤት ሥራ መቀበያው አሥር ሰዓት ከሆነ፣ አሥር ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ የደረሰ ተማሪ በሩን ስሞ ይመለሳል። «ጋሽ ደቂቃ እኮ የተወለደው በቀጠሮ ነው» ይባባላሉ በሌለበት። ቅጽል ስሙን ያውቃል፤ ተቀይሞበትም አያውቅም።

ደቂቃ መቁጠር የለመደው ከእናቱ አልጋ አጠገብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ታመው ሲተኙ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጥ፣ ጎናቸውን የሚያገላብጥ ከእሱ በቀር ሰው አልነበራቸውም። ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር ያሰበውም ያኔ ነበር። እሳቸው አርፈው ቀና ሲል ያስተማራቸው ልጆች ቀድመውት ሄደዋል፤ የዛሬው የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ተማሪው ነበር። እሱ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው የኮምፒውተር ክፍል፣ ለጀማሪዎች ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ የሚባለውን የፕሮግራም አጻጻፍ እያለማመደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጠረ።

«ክላስ ያልተሞላ ፎርም ነው» ይላቸዋል በመጀመሪያው ቀን። «ኦብጀክት ደግሞ ስምና ዕድሜ የተሞላበት። ፎርሙ አንድ ነው፤ ሰዉ ግን እልፍ ነው።»

የቤት ሥራውም በየዓመቱ ያው ነው፦ መጽሐፍ የሚያውስና የሚቀበል የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም።

ዘንድሮ፣ ማስረከቢያው ባለፈ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ የአንዲትን ዝምተኛ ልጅ ፕሮግራም ሊያርም አስነሣው። የተዋሰ መጽሐፍ ጠየቀ። ስክሪኑ ላይ «መጽሐፉ ወጥቷል ወንድሜ። አንተ ትናንት የት ነበርክ?» የሚል መጣ። የአባልነት ቁጥር አሳስቶ ሲያስገባ ደግሞ «እኔ አላውቅህም፤ እስቲ ራስህን ጠይቅ» አለው።

ሳቀ። ሳቁ ግን አፉ ላይ ደረቀ። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ቃል አልተነፈሰችም፤ ይህ የእሷ አንደበት አይደለም። እንዲህ የሚያላግጥ አንድ ልጅ ነበር፣ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ክፍሉን በሳቅ የሚያፈርስ። መዝገቡን ገልጦ የልጅቷን የአባት ስም አየ፤ የዚያ ልጅ አባት ስም ነው።

ካቻምና ያ ልጅ ሥራውን በፍላሽ ይዞ የመጣው ማስረከቢያው ባለፈ ማግስት ነበር። «ኮምፒውተሬ ተበላሽቶብኝ ነው ጋሼ፣ በሞቴ!» ብሎ ለመነው። ጋሽ ደቂቃ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ፍላሹን ሳይነካ መለሰው። በዚያው ሳምንት፣ ልጁ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ፤ ልጁ አልተረፈም።

ልጅቷን አስጠራት።

«ቁጭ በይ። ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ወንድሜ።»

«አንቺ ስሙን ብቻ ቀየርሽ።»

«አዎ ጋሼ።»

«የተቀዳ ሥራ ዜሮ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኮርሱን መድገም ነው። ዓመት ማቃጠል ነው።»

«አውቃለሁ።» የሹራቧን እጅጌ ጎተተች። «የራሴንም ሠርቼ ነበር። ግን የእሱን ማንም አላየለትም። ስንት ያገኝ እንደነበር ለማወቅ ፈልጌ ነው።»

ጋሽ ደቂቃ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋና ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ። «እንግዲያው እንረመው» አለ።

መስመር በመስመር ወረዱ።

«ይሄ ጥሩ ነው። መምህሩም ተማሪውም ‹አባል› ከሚለው ክላስ ይወርሳሉ፤ አንድ ነገር ሁለቴ አልጻፈም።»

«ስለሚሰንፍ ነው» አለች፣ ፈገግታ እየቃጣት።

«እንዲህ ያለውስ ስንፍና ይልመድብኝ።» ትንሽ ወርዶ ቆመ። «እዚህ ጋ ግን ሦስት ይቀነስበታል። የመጽሐፉን ቁጥር ክፍት ትቶታል፤ ከውጭ የመጣ ሁሉ ገብቶ ይለውጠዋል። ዝጋ ብዬው ነበር፣ ስንት ጊዜ!»

«ቤትም በር ዘግቶ አያውቅም። እማዬ ‹ጭራህ ገና ገብቶ አላለቀም እንዴ?› እያለች ትጮህበት ነበር።» ድምፅዋ ቀነሰ። «አሁን እሷም አትዘጋውም።»

እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ቀሪውን አርሞ ደመረ።

«አሥራ ሰባት» አለ። «ከሃያ።»

«አሥራ ሰባት» አለች ደግማ፤ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። «አሁን የራስሽን አምጪ። እቀበልሻለሁ።»

«ሰዓቱ ትናንት አልፏል ጋሼ።»

«አልፏል። አምጪው አልኩሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አንጀቱን የበላውም ይኸው ነው። «ለወንድሜ ያልሆነ ለእኔ አይሁን።»

«ልጄ፣ ዓመትሽ እኮ ነው!»

«እደግመዋለሁ» ብላ ተነሣች። ደጃፉ ላይ ዞር አለችና «ስለ አሥራ ሰባቱ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ከስሟ ፊት ዜሮውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ በሦስተኛው ጻፈው። ከዚያ የካቻምናውን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዶ የልጁን ስም ፈለገ። ሌላ ሰው በማስመሪያ፣ በጥንቃቄ፣ ሰርዞታል። አሥራ ሰባቱን የት እንደሚያሰፍረው ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በሩን አንኳኩ።

«አንድ ጊዜ» አላቸው።

ጠበቁት። ሰዓቱ አለፈ፤ ጋሽ ደቂቃ ግን አልተነሣም።